የጎረሰ መሣሪያ፦ የአየር ምስማር ሽጉጥ አያያዝ፣ እንክብካቤና ብልሽት

የአየር ምስማር ሽጉጥ በታመቀ አየር ጉልበት ምስማር ወደ እንጨት የሚሰድ የእጅ መሣሪያ ነው። አናጢ በመዶሻ አራት አምስት ጊዜ መትቶ የሚያስገባውን ምስማር የዐይን ጥቅሻ በማይሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል። ሶፋ ሰሪዎች ጨርቅ የሚወጥሩበት ስቴፕለር፣ የበርና የመስኮት ጌጥ የሚመታበት ቀጭን ምስማር መቺ፣ ለጣሪያና ለግድግዳ እንጨት የሚያገለግለው ትልቁ ዓይነት ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። መጠናቸው ይለያያል፤ አሠራራቸው ግን አንድ ነው።

አየሩን ከሚያምቀው ኮምፕሬሰር በቱቦ የሚመጣው አየር መጀመሪያ የሚሞላው እጀታውን ነው። እጀታው ውስጡ ክፍት ስለሆነ አየር የሚጠራቀምበት ትንሽ ጎተራ ሆኖ ያገለግላል። በመሣሪያው ራስ ውስጥ ሲሊንደር፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተን አለ፤ ከፒስተኑ ግርጌ ረጅም የብረት ምላስ ተያይዟል። ምስማሩን የሚመታው ይህ ምላስ ነው። መሣሪያው ሥራ በፈታ ጊዜ ከሲሊንደሩ አናት ያለው ቫልቭ ስለሚዘጋ አየሩ ፒስተኑን አያገኘውም። ቃታው ሲሳብ ከቫልቩ በላይ የነበረው አየር ይተነፍሳል፣ ቫልቩ ከፍ ይላል፣ በእጀታው የታመቀው አየርም በአንድ ጊዜ ፒስተኑ ላይ ይወርዳል። ምላሱ በካዝናው ከተደረደሩት ምስማሮች የፊተኛውን ገንጥሎ ወደ እንጨቱ ይሰደዋል። ፒስተኑ ቁልቁል ሲወርድ ከበታቹ ያለውን አየር በሲሊንደሩ ዙሪያ ወዳለ ክፍል ይገፋዋል፤ ቃታው ሲለቀቅ ያው አየር ተመልሶ ፒስተኑን ወደ ቦታው ያነሳዋል። ከታች የተቀመጠ ወፍራም የጎማ ትራስ ደግሞ የፒስተኑን ምት ይቀበላል። ይህ ትራስና በየመገጣጠሚያው ያሉት የጎማ ኦሪንጎች ኋላ ብልሽት ሲመጣ በተደጋጋሚ የሚነሱ ናቸው።

አብዛኞቹ የምስማር ሽጉጦች ከ70 እስከ 120 ፒኤስአይ ማለትም ከ5 እስከ 8 ባር በሚደርስ ግፊት ይሠራሉ። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው በ30 እና በ35 ፒኤስአይ መካከል ነው። 7 ባር አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 7 ኪሎ ያህል ይጫናል፤ የፒስተኑ አግድመት 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጠቅላላው ጫና ወደ 140 ኪሎ ይጠጋል። ሁለት ጎልማሶች ተደራርበው የሚመዝኑትን ያህል ጉልበት በአንዲት ምስማር አናት ላይ ያርፋል ማለት ነው። ቃታው ባይሳብም ይህ ጉልበት እጀታው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስለዚህ ቱቦው እስካልተነቀለ ድረስ መሣሪያው እንደ ጎረሰ ጠመንጃ መታየት አለበት። የተቀረቀረ ምስማር ለማውጣት፣ ካዝና ለመክፈት፣ ብሎን ለማጥበቅ፣ መሰላል ለመውጣት፣ ለሌላ ሰው ለማቀበልም ሆነ ለምሳ ለመነሳት አስቀድሞ ቱቦውን መንቀል ያስፈልጋል።

ቱቦ መንቀል ሲባል ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ቱቦውና መሣሪያው የሚጋጠሙት ወንድና ሴት በሆነ ፈጣን ማያያዣ ነው። የሚዘጋ ቫልቭ ያለው በሴቷ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሴቷ በቱቦው ጫፍ፣ ወንዱ በመሣሪያው እጀታ ላይ መሆን ይኖርበታል። እንዲህ ሲሆን ቱቦው በተነቀለ ቅጽበት በእጀታው የቀረው አየር በወንዱ ክፍት ቀዳዳ “ፍሽሽ” ብሎ ይወጣል። ተሳስቶ ሴቷን መሣሪያው ላይ የገጠመ ሰው ግን ቱቦውን ሲነቅል ቫልቩ ይዘጋና አየሩ እዚያው ይታፈናል። ቱቦ የሌለው ሽጉጥ አንድ ምስማር ለመተኮስ የሚበቃ አየር ይዞ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ያየው ሁሉ ባዶ ነው ብሎ ያምናል። የፍሽታው ድምፅ ካልተሰማ መሣሪያው ባዶ አይደለም።

አየሩ መምጣት ያለበት ከኮምፕሬሰር ብቻ ነው። ኮምፕሬሰር በጠፋ ጊዜ ከብየዳው ጥግ የቆመውን የኦክስጅን ሲሊንደር ማሰብ ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ነው። ኦክስጅን ከዘይትና ከብልጭታ ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ በሽጉጡ ውስጥ ደግሞ ዘይትም አለ፣ ብረት ከብረት የሚጋጭበት ቦታም አለ። ከዚያም በላይ የሙሉ ሲሊንደር ግፊት ሽጉጡ ከሚችለው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሌሎች በሲሊንደር የሚሸጡ ጋዞችም ክልክል ናቸው።

በኮምፕሬሰሩ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት የግፊት መለኪያዎች ይገኛሉ። አንዱ በታንኩ ውስጥ ያለውን፣ ሌላው በግፊት ማስተካከያው አልፎ ወደ ቱቦው የሚሄደውን ያሳያል። ለሽጉጡ ቁም ነገሩ ሁለተኛው ነው። በመሣሪያው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ማለፍ አይገባም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የከፍታው ነገር ይጨመራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የከባቢ አየሯ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ሳሳ ያለ በመሆኑ ታንኩን ለመሙላት ይዘገያል። ጅቡቲ ላይ አንድ ሽጉጥ ያለ ችግር የሚመግብ ትንሽ ኮምፕሬሰር አዲስ አበባ ላይ ምስማር በላይ በላዩ ሲተኮስ ሊደክም ይችላል። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ምስማሮች ጥርቅም ብለው ይገቡና የኋለኞቹ አናታቸው ከእንጨቱ በላይ ይቀራል። መፍትሔው ታንኩ እስኪሞላ መታገስ ወይም ትልቅ ታንክ መጠቀም ነው።

ከመሣሪያው ክፍሎች ሁሉ ብዙ ሊባልለት የሚገባው ቃታው ነው። ቃታው ግን ብቻውን አይሠራም፤ በአፈሙዙ ጫፍ እንጨት ሲነካ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ሲለቀቅ በስፕሪንግ የሚመለስ የብረት ጥፍር አለ። ሥራው አፈሙዙ እንጨት ላይ ካላረፈ ሽጉጡ እንዳይተኩስ መከልከል ነው። በአሜሪካ ከ100 ፒኤስአይ በላይ የሚሠራ፣ ምስማር በራሱ የሚያቀርብ ሽጉጥ ይህን መከላከያ እንዲይዝ የሥራ ደህንነት ደንቡ ያስገድዳል። ጥፍሩና ቃታው የሚተባበሩበት መንገድ ግን ሁለት ዋና ዋና ዓይነት ነው። በቅደም ተከተል የሚሠራው መጀመሪያ ጥፍሩ እንጨት ላይ እንዲጫን፣ ቀጥሎ ቃታው እንዲሳብ ይጠይቃል፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አይተኩስም። በንክኪ የሚተኩሰው ግን ቅደም ተከተል አይመርጥም። ቃታው ተስቦ ከተያዘ ጥፍሩ አንድን ነገር በነካ ቁጥር ምስማር ይወጣል፤ የሚነካው ጣውላ ይሁን የሠራተኛ ጉልበት መሣሪያው አይለይም።

የንክኪው ዓይነት አደጋ ከሚያመጣባቸው መንገዶች ዋነኛው ድርብ ተኩስ ነው። ምስማሩ ሲገባ መሣሪያው ወደ ኋላ ይነጥራል፤ የሠራተኛው ክንድ ደግሞ ወደ ፊት እንደ ገፋ ነው። በዚያች ቅጽበት ጣቱ ከቃታው ካልተነሳ አፈሙዙ ተመልሶ ሲያርፍ ሁለተኛ ምስማር ይተኮሳል። ይህኛው የሚያርፈው ማንም ያላነጣጠረበት ቦታ ነው፤ አንዳንዴ የመጀመሪያው ምስማር አናት ላይ አርፎ ይፈናጠራል፣ አንዳንዴም እንጨቱን የያዘውን እጅ ያገኛል። ኒዮሽና ኦሻ የተባሉት የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2011 ለግንባታ ተቋራጮች ባወጡት መመሪያ በንክኪ በሚተኩሰው የመጎዳት ዕድል በቅደም ተከተል ከሚሠራው ሁለት እጥፍ እንደሆነ ገልጸዋል። የንክኪው ዓይነት ፈጣን ነው መባሉ እውነትነት አለው፤ ይሁንና ያው መመሪያ እንደሚጠቅሰው ልዩነቱ በምስማር መምታቱ ሥራ ላይ 10 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ከጠቅላላው የግንባታ ጊዜ አንጻር 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ለዚህች ትርፍ ጣትን ማስያዝ አያዋጣም። በተለይ ለማጅ በቅደም ተከተል ከሚሠራው ሌላ ሊሰጠው አይገባም።

መመሪያው የጠፋበት ወይም ያገለገለ መሣሪያ የገዛ ሰው የቃታውን ዓይነት በሙከራ ማወቅ ይችላል። ቱቦው ተነቅሎ፣ ካዝናው ውስጥ አንድም ምስማር አለመቅረቱ በዐይን ከታየ በኋላ ቱቦው ይገጠማል። መጀመሪያ ቃታው ሳይነካ አፈሙዙ ቁራጭ ጣውላ ላይ ይጫናል፤ መተኮስ የለበትም። ቀጥሎ አፈሙዙ ከጣውላው ተነስቶ ወደ መሬት እንደ ዞረ ቃታው ይሳባል፤ አሁንም መተኮስ የለበትም። በመጨረሻ ቃታው እንደ ተሳበ አፈሙዙ ጣውላው ላይ ይጫናል። ያን ጊዜ ከተኮሰ በንክኪ የሚሠራ ነው፤ ዝም ካለ በቅደም ተከተል የሚሠራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች የተኮሰ መሣሪያ እስኪጠገን ድረስ ለሥራ መውጣት የለበትም። ይህ ሙከራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ በየጠዋቱ ቢደረግ ይመረጣል። ጥፍሩን ወደ ውስጥ ገፍቶ በሽቦ ማሰር ወይም ስፕሪንጉን አውጥቶ መጣል ለፍጥነት ሲባል የሚደረግ ከባድ ጥፋት ነው። እንዲህ የተደረገበት ሽጉጥ በአየር ላይም ይተኩሳል፤ ምስማሩ ግድግዳ ማዶ ያለ ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል።

በሥራ ላይ ሳለ እንጨቱን የሚይዘው እጅ ምስማሩ ከሚገባበት ነጥብ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ቁራጩ አጭር ሆኖ ይህን ርቀት ካልሰጠ በእጅ መያዙ ቀርቶ በሞርሳ ይጠበቃል። ምስማር እንጨት ውስጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ብሎ ማመን አደገኛ ነው። ጉጥ ወይም የቀድሞ ምስማር ሲያጋጥመው ታጥፎ በጎን ይወጣል፤ ከጣውላው ጠርዝ አጠገብ ሲተኮስ ደግሞ እንጨቱን ሰንጥቆ ያልፋል። ባሕር ዛፍ በተለይ ሲደርቅ ጠንካራና ጉጣም ስለሆነ ከጽድ ይልቅ ይህን ያበዛል። ድቡልቡል አጣና ላይ መተኮስም ራሱን የቻለ ችግር አለው፤ አፈሙዙ በክቡ ገጽ ላይ ስለማይደላደል ይንሸራተታል፣ ምስማሩም አግድም ይሄዳል። በቀጭን ኮምፔንሳቶ ወይም ቺፕውድ ላይ ሲተኮስ ከኋላ ሰው መኖር አለመኖሩ፣ ከግድግዳ ሰሌዳ በስተጀርባ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የውሃ ቧንቧ ማለፉ አስቀድሞ መታየት አለበት። የኮንክሪት ካሳፎርማ ሲታሰር ደግሞ ሌላ ነገር ይታሰብ። የሽጉጥ ምስማሮች ብዙዎቹ ሙጫ የተቀቡ ወይም ገላቸው የተሸረከተ ስለሆነ አጥብቀው ይይዛሉ፤ ኋላ ተነቅሎ ጣውላው ዳግም ለሚሠራበት ሥራ መዶሻና ተራ ምስማር ይሻላል።

ሽጉጡን ይዞ ከቦታ ቦታ ሲኬድ ጣት ቃታው ላይ አይቀመጥም። መሰላል ላይ በአንድ እጅ እየተንጠላጠሉ፣ ከራስ በላይ ወይም በፊት ትይዩ መተኮስ አደጋውን ያበዛዋል፤ መሣሪያው 3 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ክንድ ሲዝል አፈሙዙ ይወርዳል። ጎኑም የተሸፈነ የዐይን መከላከያ መነጽር ግድ ነው፤ የፕላስቲክና የሽቦ ማሰሪያ ስብርባሪ ወደ ፊት ይፈናጠራል። ጆሮም ይታሰብ። የተኩሱ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል በላይ ሲሆን በሁለት ምንጭ ይመጣል፤ አንዱ ከምቱ፣ ሌላው ከሚወጣው አየር ነው።

ምስማሩን መምረጥ የጥንቃቄም የጥገናም ጉዳይ ነው። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ምስማሩ ይቀጥናል፤ 18 ጌጅ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 16 ጌጅ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። የጣሪያና የግድግዳ ምስማር 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ምስማሮቹ በወረቀት፣ በፕላስቲክ ወይም በሽቦ ተያይዘው በቀጥታ ረድፍ ወይም በጥቅል ይሸጣሉ፤ የረድፉ ማዘንበያም ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል። 21 ዲግሪ ለሚያዘነብል ካዝና የተሠራ ረድፍ 34 ዲግሪ በሆነው ውስጥ አይቀመጥም። በግድ የተከተተ ምስማር ይቀረቀራል፣ ምላሱንም ይሸርፋል።

እንክብካቤው ቀላል ነው፤ ቸልታው ግን ውድ ነው። ዘይት የሚፈልግ መሣሪያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአየር መግቢያው ሁለት እስከ አራት ጠብታ ይደረግለታል፤ ቀኑን ሙሉ ከተሠራበት ከሰዓት በኋላ ይደገማል። ዘይቱ ለአየር መሣሪያ የተሠራ መሆን አለበት። የሞተር ዘይት ውስጥ ያሉት ማጠቢያ ቅመሞች ኦሪንጎቹን ያሳብጣሉ፣ ያለሰልሳሉ፤ የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይም ያለውን ቅባት አጥቦ ይወስዳል። ያለ ዘይት እንዲሠሩ የተዘጋጁ ሽጉጦችም አሉ፤ እነሱ ውስጥ ዘይት መጨመር አቧራ ይሰበስባል እንጂ አይጠቅምም። የኮምፕሬሰሩ ታንክ ከሥሩ ባለው ቧንቧ በየቀኑ ይፈሳል። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል፤ በክረምት ወራት ደግሞ ይበዛል። ያ ውሃ በቱቦው አልፎ ሽጉጡ ከገባ ዘይቱን አጥቦ ብረቱን ያዝጋል። ከዚህ ሌላ በሳምንት አንድ ጊዜ የራሱንና የአፈሙዙን ብሎኖች በብሩጎላ ማየት፣ ካዝናውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግና የጥፍሩን ስፕሪንግ መፈተሽ በቂ ነው።

ብልሽት ሲመጣ መጀመሪያ የሚናገረው ድምፁ ነው። አየር የሚያፈስ ሽጉጥ የሚያፈስበት ቦታ በሽታውን ይጠቁማል። በቃታው ዙሪያ የሚፈስ ከሆነ የቃታው ቫልቭ ኦሪንግ ተበልቷል ወይም ቆሻሻ ገብቶበታል። መሣሪያው ሥራ ፈትቶ ሳለ ከራሱ፣ ማለትም አየር ከሚተነፍስበት ቀዳዳ፣ ሲሰማ ጥፋቱ የላይኛው ቫልቭ ኦሪንግ ወይም የክዳኑ ጓርኒሲዮን ነው፤ አንዳንዴም የክዳኑ ብሎኖች ላልተው ይሆናል። በአፈሙዙ በኩል ከመጣ ደግሞ የታችኛው የጎማ ትራስ ወይም በዙሪያው ያለው ኦሪንግ ይጠረጠራል። ጆሮ ካልለየው የሳሙና ውሃ በብሩሽ መቀባት ነው፤ አረፋው የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ያለበት ነው።

ምስማሩ በከፊል ገብቶ የሚቀር ከሆነ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ግፊት ወደ መጨመር ነው። አስቀድሞ መታየት ያለበት ግን ቱቦው መታጠፉ፣ ከመጠን በላይ መርዘሙ ወይም መቅጠኑ፣ የታንኩ አየር ማነሱ፣ ዘይት መድረቁ ነው። እነዚህ ደህና ከሆኑ የምላሱ ጫፍ ይታያል። አዲስ ምላስ ጫፉ ቀጥ ያለና ጥርት ያለ ጠርዝ አለው፤ ያረጀው ክብ ይሆናል፣ ይሸራረፋል፣ የምስማሩንም አናት እየሳተ ያጣምማል። በተቃራኒው ምስማሩ ከመጠን በላይ ሰምጦ እንጨቱን ከቆረጠ ግፊቱ ይቀነሳል፤ በአፈሙዙ ላይ የጥልቀት ማስተካከያ ካለ በእሱ ይስተካከላል።

ሽጉጡ ተኩሶ ምስማር ሳይወጣ ሲቀር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ካዝናው ውስጥ ነው፤ አቧራና ሙጫ የምስማሩን ረድፍ ይይዘዋል፣ የሚገፋው ስፕሪንግ ይደክማል፣ ወይም ምስማሩ ለመሣሪያው የተሠራ አይደለም። ካዝናው ደህና ከሆነ የፒስተኑ አመላለስ ይመረመራል። ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ምላሱ ለቀጣዩ ምስማር ቦታ አይለቅም። ያበጠ ትራስ፣ የደረቀ ኦሪንግ፣ የጎበጠ ምላስ ሁሉም ይህን ያመጣሉ። በሌሊት ብርድ ያደረ ሽጉጥም ጎማው ስለሚደርቅ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ያደርጋል፤ በዝቅተኛ ግፊት ጥቂት ጊዜ ቁራጭ ጣውላ ላይ ሲተኮስ ይፍታታል።

የተቀረቀረ ምስማር ሲያጋጥም ቱቦው ይነቀላል፣ የቀሩት ምስማሮች ከካዝናው ይወጣሉ፣ የአፈሙዙ መክፈቻ ይከፈትና የታጠፈው ምስማር በፒንሳ ይጎተታል። ምላሱ ወርዶ ከቀረ በካቻቢቴ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይገፋል። ቱቦው እንደ ተሰካ ካቻቢቴ አፈሙዝ ውስጥ መክተት ግን እጅን ከጎረሰ መሣሪያ አፍ ፊት ማስቀመጥ ነው። አንድ መሣሪያ በተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ ምስማር ከተቀረቀረበት በጥርጣሬ መያዝ አለበት፤ ምላሱ ወይም ትራሱ ያለቀ ይሆናል።

ጉዳት ከደረሰ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እጅ ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ዘገባ ከ2001 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት በየዓመቱ በአማካይ 37,000 ያህል ሰዎች በዚህ መሣሪያ ተጎድተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። ጣት ውስጥ የገባ ምስማር ደም ብዙ ላያፈስ፣ ከውጭ ሲታይም ቀላል ሊመስል ይችላል፤ በውስጡ ግን ጅማት፣ ነርቭ ወይም አጥንት ተበስቶ ሊሆን ይችላል። የተያያዙ ምስማሮች ሲገነጠሉ በገላቸው ላይ የሽቦ ወይም የፕላስቲክ ስንጥር ስለሚቀር ሲጎተቱ ሥጋውን እንደ መንጠቆ ይቀዳሉ፤ ሙጫና የልብስ ክርም ወደ ቁስሉ ይዘው ይገባሉ። ስለዚህ ምስማሩ እዚያው እንዳለ፣ አካሉ ሳይንቀሳቀስ፣ ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ዙሪያውን ተሸፍኖ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ዐይን፣ ደረት ወይም ራስ ከሆነ ደግሞ ምስማሩን መነካካትም አይገባም። ለሐኪሙ የምስማሩን ዓይነት አንድ ናሙና ይዞ ማሳየት ይጠቅማል፤ የቴታነስ ክትባት የሚያስፈልግ መሆኑም እዚያው ይጠየቃል። ምስማሩን የሚያወጣው ሐኪሙ ነው።